እሳቱ አልቀደመም

ሟቹ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው፣ በገዛ ግቢያቸው፣ ከገዛ መኪናቸው ፊት በጀርባቸው ተንጋለው ነበር። ጆሮ ግንዳቸው ተሰብሯል። መኪናዋን በእጅ እያዞሩ የሚያስነሱበት ብረት፣ ማኖቬላው፣ ትከሻቸው አጠገብ ወድቋል። የመኪናዋ ቁልፍ ከቦታው አልወጣም። ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር።

«ግልጽ ነው» አለ የቴክኒክ ባለሙያችን፣ ኮፋኖውን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ ካየ በኋላ። «ታይሚንጉ ተዛንፏል። ሞተሩ መልሶ መታቸው።»

ሃያ ሁለት ዓመት ወንጀል መርምሬአለሁ። «ግልጽ ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዛሬም ቆሽቴ ያራል። ግልጽ ከሆነ እኔን ለምን ከቁርሴ አስነሳችሁኝ?

«መልሶ መታቸው ማለት?»

«ሞተሪኖዋ ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። በየጧቱ በእጃቸው ነው የሚያስነሷት። እሳቱ ያለጊዜው ከመጣ ብረቱ ከእጅ አምልጦ ወደ ኋላ ይዞራል። ክንድ ይሰብራል። ሲብስ ደግሞ እንዲህ ነው።»

«ታይሚንጉን ማን ነው የሠራው?»

ከበስተኋላችን የሟቹ ባለቤት መለሱልኝ። ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ሲመለሱ ነው ባላቸውን ያገኟቸው፤ ዳቦውን አሁንም ደረታቸው ላይ እንደታቀፉት ናቸው። «ያ ጭረት የምትሉት ሽማግሌ ነዋ! ትናንት ከሰዓት ነካክቶ፣ ነካክቶ ሄደ!»

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሽማግሌው ተይዘው፣ ጋራዣቸው ታሽጎ ነበር። ጣቢያው በር ላይ የሟች ባለቤት ከፊታቸው ቆመው፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ «ገዳይ!» አሏቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን አልደፉም። ትኩር ብለው አይተዋቸው ገቡ።

አዛዤ ቢሮአቸው ጠሩኝ። «በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ነገ ከሰዓት ፋይሉ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይድረስ። ቃላቸውን አስፈርሚያቸው።»

«ካልፈረሙስ?»

«አስፈርሚያቸው አልኩሽ።»

ጋሽ ጭረት ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ቅጽል ስማቸው ከሥራቸው የመጣ ነው። የአንድ ሞተር ታይሚንግ ካስተካከሉ በኋላ እሳቱን በየተራ ከሚያከፋፍለው ከዲስትሪቢዩተሩ እግር እስከ ሞተሩ ድረስ በካቻቢቴ ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይጭራሉ። መስመሩ እስከገጠመ ድረስ ሥራው የእሳቸው ነው። ከተቆረጠ ሌላ እጅ ገብቶበታል።

ወረቀቱን ፊታቸው አደረግሁ። በአንድ ጣታቸው ወደ እኔ መለሱት።

«ልጄ፣ ሃምሳ ዓመት ሠርቻለሁ። ያልሠራሁትን ፈርሜ አላውቅም። አሁን በስተርጅና አልጀምርም።»

«ባለሙያው ታይሚንጉ ተዛንፏል ብሎ ጽፏል እኮ፣ ጋሼ።»

«ወዴት?»

«ምን ወዴት?»

«ወዴት ነው የተዛነፈው? ቀደመ ወይስ ዘገየ?»

ሪፖርቱን ገለጥኩት። ሁለት ገጽ ነው። የመኪናዋ ቀለም አለ፣ የሰሌዳዋ ቁጥር አለ፣ የጎማዎቿ ሁኔታ ሳይቀር አለ። ስለ ታይሚንጉ ግን ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ተዛንፏል»።

«አልጻፈም» አልኩ።

እጃቸው ካቴና ውስጥ ሆኖ ከት ብለው ሳቁ። «ተዛንፏል! ሐኪም ‹ሰውዬው ታሟል› ብሎ ብቻ ጽፎ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ? ይሄ ልጅ ኮምፒውተር የሌላት መኪና ሲያይ ዓይኑ ይፈዛል። ነይ ወዲህ።»

ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው ከግራ መዳፋቸው ሥር ያዙት። «ይሄ ፒስተን ነው። ወደ ላይ ይወጣል። ጫፍ ሲደርስ ካንዴላው እሳት ይተፋና ወደ ታች ይገፋዋል። እሳቱ በጣም ከቀደመ ገና በመውጣት ላይ ያለውን ፒስተን ያገኘውና ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ያኔ ማኖቬላው በግልባጭ ዞሮ ይማታል። እሳቱ ከዘገየስ? ፒስተኑ መውረድ ጀምሯል። መኪናዋ ጉልበት ታጣለች፣ ትሞቃለች፣ በጭስ ማውጫዋ ትተኩሳለች። ሰው ግን አትመታም። በፍጹም! አሁን ሂጂና ጭረቴ ወዴት እንደሄደ እይልኝ።»

ምን ይዋሻል፣ ያን ጊዜ ገና አላመንኳቸውም። ግን ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ሟቹ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበሩ። የከተማውን ግማሽ መሪ ያስጨበጡት እሳቸው ናቸው ይባላል። ቤታቸው በሰው ተሞልቷል። ባለቤታቸውን ጓዳ ውስጥ ብቻቸውን አገኘኋቸው።

«ሙሉ ልብስ የለበሱት ለምን ነበር፣ እትዬ?»

«መንጃ ፈቃድ ቢሮ ጉዳይ አለኝ ብሎ ነው። ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው ያደረው። ‹አንድ ክፉ ሥራ አለብኝ፣ ሠርቼው ልገላገል› አለኝ። ምንድን ነው ስለው ‹ተይኝ› አለኝ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

«የያዙት ነገር ነበር?»

«ሰማያዊ ፎልደር። ብብቱ ሥር ሸጉጦት ነበር ስወጣ።»

ሰማያዊ ፎልደር እኔ አላየሁም። መኪናዋ ውስጥም፣ መሬት ላይም አልነበረም።

የሟቹ ታናሽ ወንድም በረንዳው ላይ ለመጣው ሁሉ ወንበር እያቀረበ ነበር። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝግ ያለ። እንደ ሟቹ ባለቤት አልጮኸም።

«ሽማግሌውን ባታንገላቷቸው ደስ ይለኛል፣ እህቴ» አለኝ። «ሆን ብለው አይደለም። ስህተት ነው። ወንድሜን አይመልስልኝም።»

ልቤን ነካው። እንዲህ ያለ ሰው በሥራዬ ብዙ አይገጥመኝም።

«እርስዎ ጧት የት ነበሩ?»

«ዴፖ። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ገብቼ ሲሚንቶ ሳስጭን ነበር። የበሩ መዝገብ ላይ ታገኝዋለሽ።»

የሰጠውን ቃል ጽፌ እንዲፈርም አቀረብኩለት። «አንብቢልኝ እስቲ፣ መነጽሬን መኪናው ውስጥ ትቻለሁ» አለ። አነበብኩለት። ፈረመ።

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ነው። አጥሩ ጋ ያሉ ሁሉ ጣታቸውን ወደ እሱ ነበር የሚጠቁሙት። ባለፈው ሳምንት «ይቺን ጭስ የምትተፋ ሬሳ አንድ ቀን እሰባብራታለሁ!» ብሎ ሟቹ ላይ ጮኾ ነበር።

«ብያለሁ!» አለኝ፣ መርፌዎቹን ከከንፈሩ ሳያወጣ። «አሁንም እላለሁ! ነጭ ጨርቅ ነው የምሰፋው እኔ፤ እሷ ስትነሳ ግን አመድ ይሆናል። ታዲያ ሰው እገድላለሁ አልኩ?»

መኪናዋ ጋ ወሰድኩትና ኮፋኖውን ከፈትኩ። «ዲስትሪቢዩተሩን አሳየኝ።»

ግራ ቀኝ አየና በሙሉ ልብ ባትሪውን ነካ። «ይሄ ነው።»

«በቃ፣ ወደ መኪናህ» አልኩት። ወደ ልብስ ስፌት መኪናው ማለቴ ነበር። ገብቶት ሳቀ።

ብቻዬን ስቀር የእጅ ባትሪዬን አብርቼ ጎንበስ አልኩ። ዲስትሪቢዩተሩ ጡጫ የሚያክል ክብ ነገር ነው፤ አራት ወፍራም ገመድ ከራሱ ወጥቶ ወደ ካንዴላዎቹ ይሄዳል። የማሰሪያው ብሎን ላልቷል። የጋሽ ጭረት መስመር ደግሞ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ለሁለት ተቆርጦ። የታችኛው ግማሽ ሞተሩ ላይ አለ። የላይኛው የትንሽ ጣት ጥፍር ስፋት ያህል ወደ ግራ ሸሽቷል።

ጣቢያ ተመልሼ በእስር ቤቱ የብረት በር ቀዳዳ «ወደ ግራ» አልኳቸው።

ጋሽ ጭረት ተነስተው መጥተው በሩን ያዙ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ልጄ፣ ሰውየውን መኪናዋ አልገደለቻቸውም።»

ነገሩን ረጋ ብለው አስረዱኝ። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የምትዞር ትንሽ ክንድ አለች። ዙሪያዋን የከበበውን ቤት ከእሷ አዟዟር በተቃራኒ ካዞሩት እሳቱ ይቀድማል። እሷ ወደምትዞርበት ከገፉት ይዘገያል። በአብዛኞቹ ሞተሮች ክንዷ ወደ ቀኝ ነው የምትዞረው። በዚህችኛዋ ግን ወደ ግራ ነው።

«እና ወደ ግራ የገፋት ሰው...»

«አዘገያት። ማስቀደሙ ነበር የመሰለው። የነካት ሰው ሞተር ያውቃል፣ ይቺን ሞተር ግን አያውቅም። እጁ የለመደው ወደ ቀኝ የሚዞረውን ነው። ጭረቴንም ልብ አላለውም፤ ቢያየው ኖሮ ወይ ያጠፋው ወይ አዲስ ይጭር ነበር።»

ስለዚህ አንድ ሰው አስተማሪውን በማኖቬላው መትቶ ጥሏቸዋል፤ ከዚያ ኮፋኖውን ከፍቶ፣ ብሎኑን አላልቶ፣ ወንጀሉን በሽማግሌው ራስ ላይ ደፍድፎ ሄዷል። ሽማግሌው ደግሞ ያለጥፋታቸው እዚህ የሲሚንቶ ወለል ላይ ይተኛሉ። ንዴቴ ከእግሬ ጥፍር ነው የተነሳው።

አዛዡ ግን አልዋጥ አላቸው። «የእስረኛ ወሬ ይዘሽ መጣሽ? ተከሳሹ ራሱ ባለሙያ ይሁን?»

«ባለሙያው አንድ ቃል ነው የጻፈው፣ ጌታዬ።»

«ፋይሉን ዝጊ።»

«አልዘጋም።»

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ስላቸው የመጀመሪያዬ ነበር። እሳቸውም እኔም ደነገጥን። «እስከ ነገ ከሰዓት ጊዜ አለኝ፤ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት» አልኩና መልስ ሳልጠብቅ ወጣሁ።

መንጃ ፈቃድ ቢሮ መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ አስተማሪውን ገና ስማቸውን ሳልጨርስ አወቀቻቸው። «ትናንት ጧት መጥተው ፎርም ወስደዋል። ዛሬ ሞልቼ አመጣለሁ ብለው ነበር።»

«የምን ፎርም?»

«ዓይኑ የደከመ አሽከርካሪ ፈቃዱ እንዲታገድ የሚያመለክቱበት።»

«ማንን እንደሆነ ነገሩሽ?»

«ጠይቄአቸው ነበር። ‹ብነግርሽ ነገ ለመምጣት ጉልበት አላገኝም› አሉኝ።»

ደረጃው ላይ ቆሜ አሰብኩ። ግማሽ ከተማ አስተምረዋል። ዓይኑ የደከመ ተማሪያቸው ስንት ይሆን? ግን ለተማሪ ማን ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል? ያኔ «አንብቢልኝ እስቲ» ያለኝ ዝግ ያለ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ደስ አላለኝም። ወድጄው ነበር።

የዴፖው ዘበኛ መዝገቡን በኩራት ገለጠልኝ። የጭነት መኪናው ሰሌዳ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ገባ።

«ሾፌሩን አየኸው?»

«መኪናውን አየሁት።»

«ሾፌሩን ነው የጠየቅሁህ።»

«እኔ የምመዘግበው ሰሌዳ ነው፣ እመቤቴ። ሰው ሰሌዳ የለውም።»

የሾፌሩ ረዳት ጎማ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ የልጅ ልጅ ያየ ሰው። ዛሬ ጧት ማን ነዳ አልኩት። መሬት መሬት አየ።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ስድስት ወር ሆኖኛል። ከከተማ ስንወጣ መሪውን ይሰጠኛል፣ ሰው ያለበት ስንደርስ ይቀበለኛል። ዛሬ ግን ከቤቱም አላገኘሁት፣ ቁልፉን ትቶልኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ነው በእግሩ የመጣው። ዓይኑ... ዓይኑ ጭጋግ ነው ይላል። እባክሽ ከእኔ ሰማሁ እንዳትይ፣ ሥራውን ያጣል።»

ሾፌሩ ወደ ማታ አካባቢ ከለቅሶው ለጥቂት ጊዜ ወጥቶ መኪናውን ሊያይ ሲመጣ እዚያው ጠበቅሁት። አሮጌ ባለ ቤንዚን መኪና ነው።

«ሽማግሌው ስህተታቸውን አላምን ብለው ተቸግሬአለሁ» አልኩት፤ ይሄ እንኳ ውሸት አልነበረም። «እኔ ሞተር አላውቅም። እሳት እንዴት ነው የሚቀድመው? ያሳዩኝ።»

ኮፋኖውን ከፍቶ እጁን ሰደደ። አላየም፤ ማየትም አላስፈለገውም። ጣቶቹ ዲስትሪቢዩተሩን ራሳቸው አገኙት።

«ወደ ግራ ትንሽ ገፋ ማድረግ ነው። ይሄን ታህል። ያኔ ይቀድማል።»

«ሁሉም መኪና ላይ?»

«ሞተር ሞተር ነው» አለ።

በማግስቱ ጧት አስተማሪው ግቢ ውስጥ ስድስት ሆነን ቆምን፤ አዛዡ፣ የቴክኒክ ባለሙያው፣ የሟች ባለቤት፣ ወንድምየው፣ ጋሽ ጭረትና እኔ። አዛዡ የመጡት ስትሳሳት ላያት ብለው እንደሆነ ፊታቸው ይናገራል።

«ዲስትሪቢዩተሩ እንዳገኛችሁት ነው?» አልኩት ባለሙያውን።

«ማንም አልነካውም። ዋስትናው የእኔ።»

«ብሎኑን እዚያው እንዳለ አጥብቀው።» አጠበቀው። ቁልፉን ከፈትኩ። ማኖቬላውን አነሳሁ።

«አብደሻል?» አሉ አዛዡ። «ሰው የገደለች መኪና!»

«አልገደለችም።»

ጋሽ ጭረት ካቴናቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። «ፍቱኝና እኔ ላዙራት። ከተሳሳትኩ ይምታኝ።»

«እርስዎ ካዞሩት ‹ዘዴ ያውቃሉ› ይሉዎታል፣ ጋሼ። እኔ ምንም አላውቅም።»

«እንግዲያው አውራ ጣትሽን ከሌሎቹ ጣቶችሽ ጋር በአንድ በኩል አድርጊ። አትጠቅልዪው። ቢመታ እንዳይሰብርሽ።»

አዛዡን እያየሁ ጠቀለልኩት። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። ግን ወይ ሽማግሌውን አምኛለሁ ወይ አላመንኩም።

አንድ ጊዜ አዞርኩ። ምንም የለም። ሁለተኛ። ሳል ብላ ዝም አለች። በሦስተኛው ወንድምየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲሸሽ በጎን አየሁት፤ ክንዱን ፊቱ ላይ አድርጎ ነበር። አዞርኩ። መኪናዋ በጭስ ማውጫዋ ተኮሰች፣ ተንገፈገፈች፣ እያነከሰች ተነሳች። ማኖቬላው እጄ ውስጥ እንዳለ ነው። አውራ ጣቴም እንዳለ ነው።

«ዘግይታለች» አለ ባለሙያው፣ ለራሱ እንደሚናገር። ፊቱ ቀላ። «ወደ ግራ ሲዞር... ይቺ ተቃራኒ ናት እንዴ?»

«አሁን ገባህ፣ የኔ ጌታ?» አሉ ጋሽ ጭረት። ካቴናውን ፈታሁላቸው። ብሎኑን አላልተው፣ በሁለት ጣታቸው ቤቱን ወደ ቀኝ ገፉት፤ የተቆረጠው መስመር ገጠመ፣ ሞተሩም ወዲያው ድምፁ ረጋ።

ወደ ወንድምየው ዞርኩ። «ትናንት እንዲቀድም ወደ ግራ ነው ብለውኝ ነበር። በእርስዎ መኪና ልክ ነዎት። በወንድምዎ መኪና ግን አይደለም። ትናንት ጧት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ዴፖ የገባው ሰሌዳዎ ነው፤ እርስዎ በእግርዎ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የደረሱት። ሰማያዊው ፎልደር የት ነው?»

የሚክድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቀና አለ።

«አቃጠልኩት!» አለ። «ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ፤ ዶሮ እንኳ ገድዬ አላውቅም! እለምነዋለሁ፣ ስጠኝ ወረቀቱን እለዋለሁ፣ እሱ ማኖቬላውን ሊሰካ ጎንበስ ይላል። ‹አንድ ሰው ከመግደልህ በፊት ነው› አለኝ። እኔን! መሪ ያስያዘኝ እሱ ራሱ!» ድምፁ ተሰበረ። «ብረቱን ከእጁ ነጠቅሁት። ከዚያ... ከዚያ ወድቋል። ሽማግሌውን ደግሞ የሥራ ስህተት ነው ይሏቸዋል፣ ቶሎ ይፈቷቸዋል ብዬ ነው።»

የሟች ባለቤት ወደ በረንዳው ሄደው ትናንት እሱ ባቀረበው ወንበር ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ትተውት መሬት ላይ ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ አዛዡ የጋሽ ጭረትን ቀበቶና የጫማ ማሰሪያ ራሳቸው አምጥተው ሰጧቸው። «ነፃ ነዎት፣ አባቴ። ይሂዱ። ስህተት ነበር።»

ጋሽ ጭረት አግዳሚ ወንበሩ ላይ እግራቸውን አጣምረው ተቀመጡ። «የገባሁት በወረቀት ነው። በቃል አልወጣም።»

«ማለት?»

«‹ተዛንፏል› ብላችሁ ጽፋችሁ አስገባችሁኝ። አልተዛነፈም ብላችሁ ጻፉና አስወጡኝ። አለበለዚያ እዚሁ አድራለሁ፤ ቦታውን ለምጄዋለሁ።»

አዛዡ አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ወረቀት አወጡና ጻፉ፤ በሽማግሌው ሥራ ምንም ስህተት አለመገኘቱን፣ ታይሚንጉን ያዛባው ሌላ ሰው መሆኑን፣ ጋራዡ እንዲከፈት። ማኅተም አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት።

ቀና ስንል የሟች ባለቤት በሩ ላይ ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አላየሁም። ጥቁር ለብሰዋል፤ ዓይናቸው አብጧል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ባላቸውንም የባላቸውን ወንድምም አጥተዋል። ጋሽ ጭረት ተነሱላቸው።

«እኔ ገዳይ ያልኳቸው እዚያ ነው» አሉ ወደ መንገዱ በር እያመለከቱ። «እዚያ ነው ሰው የሰማኝ። እዚያ ይነበብልኝ።»

«እትዬ፣ አንዴ ተነብቧል እኮ» አሉ አዛዡ።

«እዚያ!» አሉ።

ወጣን። መንገደኛው ማየት ጀመረ፣ አንዱ ቆመ፣ ሌላው ተከተለው፣ ልብስ ሰፊውም ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ሴትየዋ ጋሽ ጭረት አጠገብ ሄደው ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። አዛዡ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወረቀቱን ዘረጉና ማንበብ ጀመሩ።

«አልሰማሁም» አሉ ሴትየዋ። «ጮክ ብለው።»

አዛዡ ከመጀመሪያው መስመር እንደገና ጀመሩ።